አምስት መቶ ፎቶ ሰብስቤ የባሰ ግራ ገባኝ

«ሰላም እህቴ። የምጽፍልሽ ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ ነው። ሥራዬ የሀበሻ ልብስ ስፌትና ጥልፍ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው የባለቤቴ አባት ባወረሱን ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ግቢው 200 ካሬ ሜትር ነው፣ ከጓሮ በኩል ዳገት ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ እግራቸውን ያማቸዋል። ለእሳቸው ከቤቱ ጋር የተያያዘ መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያው፣ ለእኔ ደግሞ ጓሮ ላይ የምሰፋበትና ልብሶቼን ፎቶ የማነሳበት ስቱዲዮ ልንሠራ አስበናል። ብሩን አራት ዓመት በዕቁብ ነው ያጠራቀምነው። ከፒንተረስትና ከቴሌግራም አምስት መቶ ያህል ፎቶ ሰብስቤያለሁ። አንዱን ስወድ ሌላ ይመጣል። ባለቤቴ ‹ጣሪያው ሶሌታ፣ የኮንክሪት ሙሌት፣ ይሁን› ይላል። አማቴ ‹ኮኩ እንዳይቆረጥ› ይላሉ። ግንበኛው ‹አንቺ ፎቶውን አምጪ፣ እንደዚያው አድርጌ እሠራልሻለሁ› ይለኛል። ሐሳብ ከየት ልሰብስብ? እንዴትስ ልምረጥ? ግራ የገባኝ፣ ከሆጤ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደሴ መለሰኝ። ያደግኩት እዚያው ነው። ኮኩ እንዳይቆረጥ የሚሉትን አማትሽን ሳነብ እናቴን ያየሁ መሰለኝ። አራት ዓመት በዕቁብ የተጠራቀመ ብር ደግሞ አንዴ ሲሚንቶ ከሆነ ተመልሶ ብር አይሆንም። ስለዚህ ረጋ ብለን እናውራበት።

ሐሳብማ ሞልቶሻል። ስልክሽ ውስጥ አምስት መቶ ሐሳብ ተቀምጧል። ሐሳቡን የምትመዝኚበትን ነገር ግን ከስልክሽ አታገኚውም፣ እሱ ያለው ግቢሽ ውስጥ ነው። ፀሐይ የምትገባበት፣ ጎርፉ የሚወርድበት፣ አማትሽ ቡና የሚያፈሉበት ቦታ። ያንን ቀድመሽ ካላወቅሽ አምስት ሺህ ፎቶም ብትሰበስቢ ምርጫው አይቀልልሽም።

ይህን የምልሽ ከፍዬበት ስለተማርኩት ነው። አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ቤቴ ላይ አንድ ክፍል ቀጠልኩ። ከአንድ የውጭ መጽሔት የቆረጥኩት ፎቶ ነበረኝ። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ውስጡ ወንበር አለ፣ አበባ አለ፣ መጽሐፍ አለ። ልቤ ወደደው። ግንበኛው ልክ እንደ ፎቶው ሠራልኝ፣ እሱ አላጠፋም። መስታወቱ ግን የዞረው ወደ ምዕራብ ነበር። ኮምቦልቻ ከደሴ ብትርቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታዋ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ምድጃ ሆነ። መጋረጃ ሰቀልኩ፣ መጋረጃው በዓመቱ ነጣ። በመጨረሻ የመስታወቱን ግማሽ በብሎኬት ዘጋሁት። ያ ፎቶ የተነሳው ሰው ፀሐይ በሚናፍቅበት አገር ነበር። እኔ ክፍሉን አየሁ፣ አገሩን አላየሁም።

ቢሆንም ፎቶዎቹን አትሰርዢያቸው። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በይና ሠላሳውን ብቻ ምረጪ። ደብተር አውጪና ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፊ። «ያምራል» ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። ምኑ ነው የሳበሽ? «ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ጨርቁ ላይ አረፈ።» «ክሩ በቀለም በቀለሙ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል።» «ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ዛፍ ይታያታል።» እንደዚህ። አሥረኛው ላይ ስትደርሺ ያው ነገር መደጋገም ይጀምራል። እኔ እንደምገምተው ሠላሳው ፎቶ አምስት ስድስት ነገር ነው የሚነግርሽ። ለግንበኛው መስጠት ያለብሽ እነዚያን አምስት ስድስት ነገሮች ነው፣ ፎቶውን አይደለም።

ቀጥለሽ እያንዳንዱን ፎቶ «ነሐሴ ላይ ደሴ ብትሆኚ ምን ይውጥሽ ነበር?» በያት። ብዙዎቹ ፎቶዎች ጣሪያቸው ከግድግዳው እኩል ያልቃል፣ አልፎ የወጣ ጫፍ የላቸውም። ግድግዳው እስከ መሬት ድረስ ነጭ ነው። ለዓይን ንጹሕ ይመስላል። የኛ ክረምት ግን ውሃውን በነፋስ እየገረፈ ነው የሚያመጣው። ከመሬት የሚፈናጠቀው ጭቃ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ስለዚህ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር አልፎ የወጣ ጣሪያና ግድግዳው የሚያርፍበት ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ያስፈልግሻል። ይህን ስታውቂ ከሠላሳው ፎቶ ግማሹ ራሱ ይወድቃል።

ሐሳብ ከየት ልሰብስብ ላልሽው፣ እኔ ከሰው ቤት ሰብስቢ እላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤትሽን ይዘሽ ውጪ። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉትን የድሮ ቤቶች በረንዳ ተመልከቺ። ሰፈርሽ ውስጥ ክፍል የቀጠለ፣ ጓሮ ላይ ሰርቪስ የሠራ ሰው አይጠፋም። አንኳኪ። የደሴ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በሩን አይዘጋም፣ እንዲያውም ቡናው እስኪፈላ ቆዩ ነው የሚልሽ። ስትገቢ «እንዴት ያምራል» ብለሽ አትለፊው። «እንደገና ብትሠሩት ምኑን ትቀይሩታላችሁ?» በያቸው። ይህች ጥያቄ ከአምስት መቶ ፎቶ ትበልጣለች። አንዷ «በሩ ጠቦ አልጋው በመስኮት ገባ» ትልሻለች። ሌላዋ «መታጠቢያ ቤቱን ከጭቃው ግድግዳ ጋር አጣብቀን አበሰበስነው» ትልሻለች። ፎቶ የሚያሳየው ሰው የወደደውን ብቻ ነው። የቆጨውን የሚነግርሽ ባለቤቱ ነው።

ዕድሉ ከገጠመሽ ደግሞ ወደ ከሚሴ በኩል ያለችውን የአርጎባዎችን መንደር ሾንኬን እዪ። ተራራ ላይ በድንጋይ የተሠሩ የጥንት ቤቶች ናቸው። ዳገቱን ሳይጣሉት እንዴት አብረውት እንደተቀመጡ ማየቱ ለአንቺ ጓሮ ትልቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ግቢሽ እንግባ። የልጆችሽን የሒሳብ ደብተር፣ ያን ባለ ካሬውን ማለቴ ነው፣ አንድ ገጽ ውሰጂ። ሁለት ካሬ አንድ ሜትር ይሁን። በሜትር እየለካሽ ግቢውን፣ ቤቱን፣ በሩን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ ኮኩን፣ የጎረቤትን አጥር አስገቢ። ስልክሽ ላይ ኮምፓስ አለ፣ ሰሜንን ምልክት አድርጊ። ቆንጆ መሆን የለበትም። ልጆቹም ቢያግዙሽ ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ፀሐይን ጨምሪበት። አሁን ታኅሣሥ መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ጋደል ብላ ነው የምታልፈው። በዚህ ወር ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ነው ከፍታዋ። ክረምት ላይ ግን አናት ላይ ትሆናለች፣ ትንሽ ወደ ሰሜንም ታልፋለች። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ከአንድ ቦታ ቆመሽ ግቢውን ፎቶ አንሺ። ጥላው የት እንደወደቀ ደብተሩ ላይ አስቀምጪ። ጠዋት በምሥራቅ ያለው አዝዋ ገደል ፀሐይዋን ያዘገይብሻል፣ ማታ በምዕራብ ያለው የጦሳ ተራራ ቀድሞ ይውጥብሻል። ሆጤ ውስጥ እንኳ ከቤት ቤት ይለያያል። የአንቺን ግቢ ፀሐይ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስቱዲዮው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንጀራሽ ነው። ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ትልቁ ዕቃዋ ብርሃን ነው። ትልቁን መስኮት ወደ ሰሜን አድርጊው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም። የሚገባው ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም። ቀዩ ክር ቀይ ሆኖ ይታይሻል። ቀጥተኛ ፀሐይ ሲሆን ግን ዓይንሽን ያጭበረብርሻል፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ክርና ጥበብ በጊዜ ብዛት ይነጣል። የምትጠልፊው በቀኝ እጅሽ ከሆነ ወንበርሽን መስኮቱ በግራሽ እንዲሆን አድርገሽ አስቀምጪ፣ የእጅሽ ጥላ ሥራሽ ላይ አይወድቅም። ግራኝ ከሆንሽ ገልብጪው።

ክፍሉ ምን ያህል ይጥለቅ? ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ጥሩ ሆኖ የሚሄደው የመስኮቱ አናት ከወለሉ ያለውን ከፍታ እጥፍ ያህል ነው። የመስኮቱ አናት 2.10 ሜትር ከሆነ ብርሃኑ ወደ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 4 በ5 የሆነ ክፍል፣ 5 ሜትሩ ጎን ላይ መስኮት ቢወጣለት ይበቃሻል። ፎቶ ላይ ያየሻቸው 6 እና 7 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ክፍሎች በቀን መብራት የሚያበሩ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሥራሽ አብሮ ይቆማል።

አንዳንድ ሰው ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ጣል ያደርጋል። ርካሽ ነው፣ እውነት ነው ክፍሉ ይበራል። ለአንቺ ግን አልመክረውም። ፀሐይዋ ቀጥታ ጨርቁ ላይ ታርፋለች፣ ፕላስቲኩም በጥቂት ዓመት ይበልዛል፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ፈንታ በደቡብ ግድግዳ ላይ ከፍ ያለች ጠባብ መስኮት አውጪ። የታኅሣሥ ፀሐይ በእሷ ገብታ ወለሉን ታሞቅልሻለች። የደሴ ጠዋት ብርድ ጣት ያደርቃል፣ በደረቀ ጣት ደግሞ መርፌ አይያዝም።

ለፎቶው አንድ ባዶ ግድግዳ ተዪ። ከመስኮቱ በጎን በኩል ቢሆን ጥሩ ነው፣ የጥልፉ ቅርጽ በጎን ብርሃን ነው የሚወጣው። ከልብሱ እስከ ስልኩ ቢያንስ 3 ሜትር ይኑር፣ ያለዚያ ቀሚሱ ከታች ቀጥኖ ከላይ ሰፍቶ ይታያል። ቀለሙን ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ አድርጊው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ግድግዳ በፒንተረስት ላይ ያምራል፣ ግን ቀለሙ ነጩ ቀሚስ ላይ ያርፍበታል። ደንበኛሽ ነጭ ብላ ያዘዘችው ልብስ አረንጓዴ መስሎ ይታያታል።

ኮርኒስ አትርሺ። ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ ሆኖ በረዶ ሲጥል ደንበኛ የምትልሽን አትሰሚም። ወለሉ ልሙጥ ሊሾ ይሁን፣ የወደቀ መርፌ ይገኝበታል። ካውያ ብዙ መብራት ይበላል፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት የሚወስድ አለ። ስለዚህ ከቆጣሪው ለስቱዲዮው የራሱ መስመርና ማቋረጫ ይዘርጋለት። ሶኬቶቹም ከጠረጴዛው ከፍ ብለው ይሁኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስኩ። አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት። የአማትሽ ክፍል ከጭቃው ቤት ጋር ይያያዝ ብለሻል። ጭቃ ቤትና ብሎኬት አብረው አይሄዱም። ጭቃው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ብሎኬቱ ደግሞ ከባድ ነው፣ አዲስ መሠረት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ትንሽ መውረዱ አይቀርም። ሁለቱን አንድ ላይ ካሰራችኋቸው በዓመቱ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። አዲሱ ክፍል በራሱ አራት ግድግዳና በራሱ መሠረት ይቁም። ከጭቃው ግድግዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ክፍተቱ ዝናብ እንዳይገባበት ይሸፈን። መሠረቱም የላይኛውን ጥቁር አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይቆፈር። ጥቁር አፈር በዝናብ የሚያብጥ፣ በፀሐይ የሚሰነጠቅ መሬት ነው፣ ቤት አያስተኛም።

ጣሪያውስ? ግንበኛው «የድሮውን ቆርቆሮ ዝም ብለን እናስረዝመዋለን» ይልሽ ይሆናል። እስቲ እናስላው። የድሮው ጣሪያ ጫፉ ላይ ከፍታው 2.60 ሜትር ነው እንበል። 4 ሜትር ብታስረዝሚው፣ በየሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ መጨረሻው ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ወርዶ 2 ሜትር ብቻ ይቀርሻል። በር እንኳ አያቆምም። ስለዚህ አዲሱ ክፍል የራሱ ጣሪያ ይኑረው፣ ውሃውም ከአሮጌው ቤት ርቆ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ሁለት ጣሪያ ፊት ለፊት ተጋጥመው መሐላቸው አሸንዳ የሚገባበትን አሠራር ግን እሺ እንዳትዪ። የእናቴ ቤት እንደዚያ ነበር። በረዶ ሲጥል አሸንዳው ይሞላል። ከበረዶው በላይ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤት ይገለበጣል። እናቴ በየክረምቱ አልጋዋን እየጎተተች ቦታ ስትቀይር ነው ያደግኩት። አማትሽ በዚያ እግራቸው አልጋ እንዲጎትቱ አልፈልግም።

የመታጠቢያው ውሃ የሚነካው ግድግዳ በፍጹም የጭቃው ጎን አይሁን፣ ወደ ውጭኛው ጎን ውሰጂው። ከዋናው ቤት እስከ አልጋቸው፣ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያው አንድም ደረጃ አይኑር። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መስኮታቸው በረንዳውንና በሩን ያሳያቸው። ሰው ሲገባ ሲወጣ ካላዩ ክፍሉ እስር ቤት ይሆንባቸዋል።

ጓሮሽ ዳገት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት ለማንም እንግዳ አይደለም። ዳገቱን ቆርጠሽ ስቱዲዮውን አፈሩ ላይ ብታስደግፊው ያ ግድግዳ ሁልጊዜ ያልበዋል፣ ጨርቅሽ ይሻግታል። ከተቆረጠው አፈር እስከ ስቱዲዮው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ተዪ፣ እዚያ ውስጥ ቦይ ይሠራ። አፈሩን የሚይዘው የድንጋይ ግንብ ከኋላው ጠጠር፣ ሰውነቱ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ውሃውን አቁሮ አቁሮ አንድ ቀን ይገለበጣል። ቁርጡ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው እንዳትነኪው። ለዚህ የሚከፈል ብር አይቆጭም።

የውሃውን ብዛት ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የድሮው ቤት ጣሪያ 70 ካሬ ቢሆን፣ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 2,100 ሊትር ነው። አንድ ትልቅ ሮቶ ሞልቶ ይፈሳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ዛሬ የሚሄድበት መንገድ አለው። አዲሱ ክፍል መንገዱ ላይ ከተቀመጠ ወዴት ይሄዳል? አሁን ዝናብ ስለሌለ አማትሽን ጠይቂ። ጎርፉ በየት እንደሚገባ ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ። ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ ፍንጣቂ፣ መሬቱ ላይ ውሃ የቦረቦረውን መስመር እዪ። በልጉ ሲገባ ደግሞ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና በዓይንሽ አረጋግጪ።

ፎቶ ላይ የማታገኚው አንድ ነገር ደግሞ ድንኳን ነው። እህቴ፣ እኛ ወሎዬዎች ነን። ግቢያችን ውስጥ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዱዓ አለ፣ ማኅበር አለ። ጎረቤት ከነልጁ ይመጣል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» የሆነበት ከተማ ልጆች ነን። ከ200 ካሬው ላይ ቤቱ 70 ቢይዝ፣ የአማትሽ ክፍል 20፣ ስቱዲዮው 20፣ የሚቀርሽ 90 ካሬ ነው። በየጥጉ ከተበታተነ ግን ምንም ነው። ቢያንስ 5 በ6 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ሜዳ ይቅር፣ ከውጭው በርም በቀጥታ ይደረስበት። እኔን ብትጠይቂኝ ስቱዲዮውን ለዚህ ስል ከመሐል ወደ ጥግ እገፋዋለሁ። ደንበኞችሽም በዚያው ሜዳ በኩል ሳሎንሽን ሳይረግጡ ወደ አንቺ ይመጣሉ።

ባለቤትሽ ሶሌታ ማለቱን እረዳለሁ። ነገ ፎቅ እንጨምራለን ብሎ አስቦ ነው። ፎቅ የሚሸከም ቤት ግን ከመሠረቱ፣ ከኮለኑና ከፌሮው ጀምሮ ተሰልቶ ነው የሚሠራው። ከላይ ሶሌታ ስለተሞላ ብቻ ፎቅ አይቆምበትም። ያ ስሌት ደግሞ የዕቁቡን ብር ለብቻው ሊበላው ይችላል። ዳገት ያለበት ጥቁር አፈር ላይ ለአንድ መኝታ ክፍልና ለአንድ ስቱዲዮ ቆርቆሮ ይበቃል ባይ ነኝ። ይህን ግን አንቺ ብቻሽን አትንገሪው፣ መሐንዲስ ፊት ቁጭ ብላችሁ ሁለቱንም አስገምቱት። ቁጥሩን ሲያይ ራሱ ይወስናል።

ወረቀቱንም ሳትረሺ። የይዞታ ካርታው አሁንም በሟቹ አባት ስም ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ክፍል መቀጠልም የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ለአጥር ጎረቤቶችሽም ቡና ጠርተሽ ንገሪያቸው። መስኮትሽ ወደ ግቢያቸው እንዳያይ፣ የጣሪያሽ ውሃ እነሱ ላይ እንዳይወርድ።

የትኛው ይቅደም? የአማትሽ ክፍል። እግራቸው ነው አንደኛው ምክንያት። ሁለተኛው ደግሞ ለአንቺ ነው። እሳቸው ወደ አዲሱ ክፍል ሲገቡ የድሮ ክፍላቸው ባዶ ይሆናል። አንድ ክረምት እዚያ ስፊ። ጠረጴዛው ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት፣ ደንበኛ የት እንደምትለካ፣ የትኛው ጥግ እንደሚረጥብ፣ ልብሱ የት እንደሚሰቀል በአራት ወር ታውቂዋለሽ። መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ላይ ስቱዲዮውን ስትጀምሪ ለግንበኛው የምትሰጪው የራስሽን ልክ ነው። ብሩም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱም ክፍሎች ጅምር ሆነው አይቀሩም።

ለግንበኛው ፎቶ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ደብተርሽ ላይ ያለውን ለአንድ የሥዕል ባለሙያ ሰጥተሽ በልኬት አስወጪው። ከላይ የሚታየውን፣ ከጎን የሚታየውን፣ መሬቱን ከነዳገቱ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ መስመር ማጥፋት በወረቀት ነው የሚቀለው። የቆመ ብሎኬት ማፍረስ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ኮኩን በተመለከተ ከአማትሽ ጋር ነኝ። ኮክ በብርዱ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ስለዚህ ፀሐይዋን በምትፈልጊበት ጊዜ አይጋርድብሽም። ሲለመልም ደግሞ ለቡናው ጥላ ነው። ከአሸንዳው ብቻ ራቅ ይበል፣ ቅጠሉ ይደፍነዋል። መሠረት ሲቆፈርም ከግንዱ ሁለት ሦስት ሜትር ራቁለት፣ ሥሩ እንዳይቆረጥ።

የፊታችን ቅዳሜ ስምንት ችካልና ገመድ ፈልጊ። ስቱዲዮውን 4 በ5 አድርገሽ መሬቱ ላይ ወጥሪው፣ የአማትሽንም ክፍል እንደዚሁ። የበሩን ቦታ በአመድ አስምሪ። መስኮቱ በሚሆንበት ጎን አንሶላ ስቀዪና ወንበርሽን ይዘሽ ገመዱ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጥለፊ። ልጆቹ ይሩጡበት። አማትሽ ከዘራቸውን ይዘው ከቤቱ ወደ ገመዱ ክፍል ይሂዱ፣ የት ላይ እንደቆሙ አስተውዪ። ሳምንት እዚያው ይቆይ። በየቀኑ የሚያሰናክላችሁ ገመድ ካለ ያ ግድግዳ ቦታው እዚያ አይደለም፣ ችካሉን ነቅለሽ አንድ ሜትር ገፋ አድርጊው። ሳምንቱ ሲያልቅ ኮኩ ከገመዱ በየትኛው ጎን እንደቀረ፣ አማትሽም ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።